የዱር ሽምብራ በሄርባሪየም መዝገብ፦ ከአድዋ ተራሮች እስከ ወሎ ዳርቻ

(በደሴ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ገለጻ፤ ከድምፅ ተገልብጦ የተዘጋጀ)



የዛሬው ገለጻዬ ስለ አንድ ትንሽ ሐረግና ስለ ጥቂት ያረጁ ወረቀቶች ነው። ሐረጉ በሳይንሳዊ ስሙ ሲሰር ኩኔአተም ይባላል፤ የምንበላው ሽምብራ፣ ማለትም የሲሰር አሪየቲነም፣ የዱር ዘመድ ነው። ወረቀቶቹ ደግሞ ተክሉ ተጭኖ፣ ደርቆና ተለጥፎ የተቀመጠባቸው፣ በልዩ ልዩ አገሮች ሄርባሪየሞች የሚገኙ ናሙናዎች ናቸው። ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዛግብት ማለት ነው። ይህ ተክል የት የት እንደሚበቅል የምናውቀው በአብዛኛው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ወረቀቶቹ የሚነግሩን ስለ ተክሉ ነው ወይስ ስለ ሰብሳቢዎቹ? በካርታ ላይ ነጥብ ያላረፈበትን ተራራ ስናይ፣ ተክሉ እዚያ የለም ለማለት ምን መብት አለን?

ሽምብራን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። እሸቱ ሲደርስ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ፒያሳ ድረስ ይመጣል፤ ቆሎው፣ ሽሮው፣ በጾም ወራትም የሽምብራ ዓሣው ከማዕዳችን አይጠፋም። ገበሬዎቻችን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዋልካው መሬት በያዘው እርጥበት ያበቅሉታል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች በሽምብራ ምርት ቀዳሚ ናት። ይሁን እንጂ ሽምብራ እዚህ የተፈጠረ ሰብል አይደለም። የቅርብ የዱር አባቱ ሲሰር ሬቲኩላተም የሚባለው ዝርያ ሲሆን የሚበቅለውም በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ነው። ሰብሉ ከዚያ ተነሥቶ በብዙ ሺህ ዓመታት ጉዞ ወደ እኛ ደረሰ፤ በአፈራችንም ላይ የራሱን ልዩ ልዩ ዓይነት አፈራ።

የዱር ዘመዱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሲሰር ኩኔአተም በሰው እጅ የመጣ እንግዳ ሳይሆን በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች፣ በተለይ በትግራይ፣ በዱር የተሰበሰበ ተክል ነው። የሲሰር ወገን አርባ ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከቱርክ እስከ መካከለኛው እስያ ባሉት ተራሮች ላይ የሚበቅሉ፣ ዓመት ከዓመት የሚኖሩ ናቸው። በአንድ ወቅት በቅለው፣ ዘርተው የሚሞቱት፣ ሰብሉን ጨምሮ፣ ዘጠኝ ያህል ብቻ ናቸው፤ የእኛው ከእነዚህ አንዱ ነው። ከወገኑ ወደ አፍሪካ ምድር የዘለቁት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በሞሮኮ አትላስ ተራሮች፣ አንዱ በካናሪ ደሴቶች፣ አንዱ ደግሞ እዚህ።

ስሙን ያገኘበት መንገድ የሄርባሪየምን ጥቅም ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያሳያል። ጀርመናዊው ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የላከው ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ የተባለ፣ መቀመጫው በኤስሊንገን ከተማ የነበረ የተጓዦች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው፦ አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሰብሳቢው ከሩቅ አገር የሚልከውን ዕፅዋት በድርሻቸው ልክ ይካፈላሉ። ሺምፐር ለአጭር ጊዜ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ቀረ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የእንጢጮን ግዛት ሾሙት፤ አግብቶ፣ ወልዶ እ.ኤ.አ. በ1878 በአድዋ አረፈ። የላካቸውን ናሙናዎች በኤስሊንገን ይቀበል የነበረው ሆክስቴተር ለብዙዎቹ በታተሙት መግለጫ ወረቀቶች ላይ ስም ሰጣቸው፤ ሙሉ መግለጫቸውን ግን አላሳተመም። ሥራውን የፈጸመው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው። «ቴንታሜን ፍሎሬ አቢሲኒኬ» በተሰኘው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1847 ተክሉን በወግ ገለጸው። ዛሬ ከተክሉ ስም ኋላ የሁለቱም ስም አብሮ የሚጻፈው ስለዚህ ነው። ሪሻር ኢትዮጵያን አልረገጠም። ከሺምፐር ሌላ ዋና ዋና ሰብሳቢዎቹ የነበሩት ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ከዚህ አገር አልተመለሱም፤ አንደኛው በመረብ ሸለቆ በወባ፣ ሁለተኛው ዓባይን ሲሻገር በአዞ ሞቱ። በፓሪስ መደርደሪያ ላይ የተኛው ወረቀት ርካሽ ዕቃ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው ይህን ማንሣቴ።

ኩኔአተም የላቲን ቃል ነው፤ ሽብልቅ መሰል ማለት ነው። ንዑሳን ቅጠሎቹ ከግርጌያቸው ጠብበው ወደ ጫፋቸው ይሰፋሉ፤ ጫፋቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። እንጨት ለመፈለጥ የምንሰካውን ሽብልቅ ማሰብ ነው። ከሰብሉ የሚለየው ዋናው ምልክት ደግሞ የቅጠሉ ፍጻሜ ነው። የሽምብራ ቅጠል በንዑስ ቅጠል ያበቃል፤ የዚህኛው ግን እንደ አተር በመጠምጠሚያ ጅማት ያበቃል፤ በእርሱም ሌላውን ተክል ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። አንድ ናሙና ያለ መግለጫው ድርቆሽ ነው። ዋጋ የሚሰጠው በስተቀኝ ግርጌ የሚለጠፈው መግለጫ ነው፦ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የበቀለበት ሁኔታ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር። ከእነዚህ እያንዳንዱ የራሱ ወጥመድ አለው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ሁሉ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ቦታን እንውሰድ። ሺምፐር የሰማውን በጀርመንኛ ጆሮ ጻፈ፤ የአድዋው ሶሎዳ ተራራ በመግለጫዎቹ ላይ «ሾሎዳ» ሆኖ ይነበባል። ይህ ቀላሉ ነው፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይፈታዋል። የሚከብደው ስሙ ትክክል ሆኖ ቦታው ሁለት ሲሆን ነው። «ኮምቦልቻ» የሚል መግለጫ አንድ የውጭ አገር ሠራተኛ እጅ ቢገባ ነጥቡን የት ያኖረዋል? እኛ ሳናመነታ ከዚህ በታች ወዳለችው ከተማ እንጠቁማለን። ነገር ግን በምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ፤ በወለጋም አለ። «ፒያሳ» ቢባልማ ደሴ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ይከራከሩበታል። የዛሬው ተማሪ የቦታ መጠቆሚያ መሣሪያ በስልኩ ስላለ ይህን እንደ ድሮ ጣጣ ይቆጥረዋል። መሣሪያው ግን ትናንት የተጻፈውን አያርመውም፤ በዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የቆዩ ነጥቦች ደግሞ ከተጻፈ የቦታ ስም በግምት የተወሰዱ ናቸው።

ከፍታም እንዲሁ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች በጫማ ይለኩ ነበር። የማን ጫማ? 6,000 ጫማ የእንግሊዝ ከሆነ 1,829 ሜትር ነው፤ የፓሪስ ከሆነ 1,949 ሜትር። የ120 ሜትር ልዩነት በሜዳ አገር ምንም አይደለም፤ በእኛ ዓይነቱ ገደላማ አገር ግን ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል።

የቀኑ ጉዳይ ከሁሉ የባሰ የራሳችን ችግር ነው። በመግለጫ ላይ 12/1/2005 ተብሎ ቢጻፍ ምን እንረዳለን? በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሆነ፣ በጎርጎርዮስ መስከረም 22 ቀን 2012 ነው። በጎርጎርዮስ ከተጻፈ ደግሞ ጥር 12 ቀን 2005 ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካዊ ከጻፈው ታኅሣሥ 1። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ። ዓመቱን እንኳ ብንተወው፣ በመስከረም ያበበ ተክል ክረምቱን የተከተለ ነው፤ በጥር ያበበ ተክል ስለ ሌላ እርጥበት ይናገራል። የአየር ንብረት ለውጥ የማበቢያ ጊዜን ምን ያህል እንዳዛወረ በሄርባሪየም ናሙናዎች የሚያጠና ሰው በእንዲህ ያለ መግለጫ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ተማሪዎቼን የወሩን ስም በፊደል እንዲጽፉና ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን እንዳይተዉ እወተውታለሁ። ውትወታዬ ሰልችቷቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተውም።

ወደ ካርታው እንሂድ። የሲሰር ኩኔአተም መዝገቦች በካርታ ላይ ሲቀመጡ እንግዳ ነገር ይታያል። ነጥቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ በረሃውን ዘልለው በግብፅና በሱዳን ድንበር፣ በቀይ ባሕር ዳር ባለው የጀበል ዔልባ ተራራ ላይ ያርፋሉ፤ ባሕሩንም ተሻግረው በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይገኛሉ። ጀበል ዔልባ 1,435 ሜትር ከፍታ አለው፤ ዙሪያው በረሃ ነው። ከባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር በተራራው ገጽ ላይ ጉም ሆኖ ስለሚያርፍ ግን፣ ዝናብ በሌለበት አገር ዕፅዋት ይለመልሙበታል። ተራራው በበረሃ ባሕር ውስጥ ያለ ደሴት ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ደካማ ሐረግ እነዚህን ደሴቶች እንዴት አዳረሰ? አንደኛው ግምት የሚከተለው ነው፦ ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰሃራና የቀይ ባሕር ዳርቻ ከዛሬው እጅግ የራሱ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ሰፊ የነበረው የተክሉ ግዛት አየሩ ሲደርቅ ወደ ተራሮቹ ሸሽቶ ተቆራረጠ። ሁለተኛው ግምት ሰውንና እንስሳውን ይጨምራል፤ የንግድ ጎዳናዎች፣ የእህል ጭነት፣ የመንጋ ጉዞ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ነገር ግን ግምቶቹን የሚለያቸው ማስረጃ በመግለጫው ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ በሚተወው መስመር ውስጥ ነው። ተክሉ የተገኘው በዓለት ስንጥቅ ነው ወይስ በማሳ ዳር? ይህን የጻፈ ሰብሳቢ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለሚነሣ ክርክር ምስክር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ባዶው ቦታ ያሳስበኛል። ነጥቦቹ ለምን በሰሜን በዙ? ምናልባት ተክሉ በእውነት እዚያ ስለሚበዛ ይሆናል። ነገር ግን ሺምፐር በአድዋ ዙሪያ አርባ ዓመት እንደኖረ አንርሳ። አንድ ሰው አርባ ዓመት የኖረበት አካባቢ ብዙ ናሙና ማስገኘቱ ስለ ሰውዬው እንጂ ስለ ዕፅዋቱ ብዙ አይነግረንም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰብሳቢዎች ደግሞ በአመዛኙ ጎዳና ተከትለው ሠርተዋል፤ መኪና በሚቆምበት ቦታ ናሙና ይበዛል፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስፈልግበት ይሳሳል። ይህ በመላው ዓለም የታወቀ ነገር ነው፤ በገደላማ አገር ይብሳል።

ነገሩን በቁጥር ልግለጸው። ተክሉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አለ እንበል። የሚታየው በጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ሳያብብ ከሌላው ሐረግ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉብኝት የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 20 ነው ብለን እናስብ። ሦስት ጊዜ ሄዶ ባዶ እጅ የመመለስ ዕድል 0.8 በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.51 ይሆናል። ማለትም ተክሉ እዚያው እያለ ሦስት ሰብሳቢዎች ሳያዩት የማለፋቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። አሥር ጊዜ ተጎብኝቶ ሲታጣ ዕድሉ ወደ 0.11 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ «የለም» ለማለት መጠነኛ ድፍረት እናገኛለን። ከዳርቻዎቻችን ሸለቆዎች ስንቱ ነው በትክክለኛው ወር አሥር ጊዜ የተጎበኘው?

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። አንድ ዝርያ ለመጥፋት የተጋለጠ መሆን አለመሆኑ በዓለም አቀፍ መስፈርት ሲመዘን፣ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የሚይዘው የመሬት ስፋት ነው። ስፋቱ የሚቆጠረው እያንዳንዳቸው 4 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ነው። አምስት ቦታ ብቻ የተመዘገበ ተክል ቢበዛ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያገኛል። መሬቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ዝርያ፣ እንደ ግዛት መቆራረስና መመናመን ያሉት ሌሎች ሁኔታዎች ሲሟሉ፣ በአደጋ ላይ ካሉት ይመደባል። እንግዲህ ያልተፈለገ ተክልና የጠፋ ተክል በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። ወይ ያለ በቂ ምክንያት ደወል እንደውላለን፣ ወይ «መረጃው ያልተሟላ» ብለን እንተወዋለን፤ ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሰጋኝ ነው፤ ምክንያቱም መረጃው ያልተሟላለት ተክል በጀት አያገኝም፣ ልቅ ግጦሽና የድንጋይ ካባ ሲመጣበትም የሚከራከርለት የለም።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ሐረግ ለሽምብራ ገበሬው ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ነገን ቀላል አድርጌ አላቀርብም። ሲሰር ኩኔአተም ከሰብሉ ጋር በተለመደው መንገድ አይዳቀልም፤ የዘር አራቢዎች ከሩቁ፣ ከሦስተኛው የዘመድ ክበብ ይመድቡታል። ከቱርኩ ሬቲኩላተም ጋር ግን ሰብሉ ይዳቀላል፤ በቅርብ ዓመታት ብዙ የተሠራውም በዚያ ላይ ነው። የእኛው ተክል ጥቅም ሌላ ዘንድ ነው። የታረሰው ሽምብራ የዘር መሠረት ጠባብ ነው፤ አጠውላጊ በሽታና ድርቅ ይፈትኑታል። በደረቅ ተራሮች ላይ፣ በአፍሪካ ቀንድ ፀሐይ ለረጅም ዘመን የተፈተነ ዘመድ ምን ዓይነት ጂኖች እንደያዘ ማወቅ በራሱ ዕውቀት ነው፤ ማዳቀል ያልቻለውን የነገ ዘዴ ሊችለው ይችላል። ለዚህ ግን ሕያው ዘር ያስፈልጋል። በዓለም የዘር ባንኮች ያሉት የዚህ ዝርያ ናሙናዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘር የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ? ወደ አሮጌው ወረቀት፣ መግለጫው ወደ ጠቆመው ተራራ።

ወረቀቱም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 ሌሊት የበርሊን ሄርባሪየም በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ ከኢትዮጵያና ከተቀረው አፍሪካ የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ናሙናዎች አመድ ሆኑ። የሺምፐር ሥራ ግን ከሞላ ጎደል ተረፈ። የተረፈው በሐቀኛነቱ ወይም በትጋቱ አይደለም፤ ማኅበሩ እያንዳንዱን ቁጥር አባዝቶ ለብዙ አባላት ስላከፋፈለ ነው። በርሊን የነደደው ቁጥር ፓሪስ ነበረ፣ ኪው ነበረ፣ ሽቱትጋርት ነበረ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከ80 ሺህ በላይ ናሙናዎች ይዟል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራም በእርሱ ላይ ቆሞ ተጠናቀቀ። የአተር ቤተሰብን የያዘው ሦስተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታተም የቤተሰቡን ጥናት የጻፈው ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን ነው። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ሕንጻ ማከማቸት ምን እንደሚያስከትል ከበርሊን መማር አለብን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በተቋማት ላይ የሆነውን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻኝም። ከአንድ ተክል ሦስት ናሙና ወስዶ አንዱን እዚህ፣ አንዱን አዲስ አበባ፣ አንዱን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም፤ ጋዜጣ፣ ካርቶንና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

ስለ አካባቢያችን ልጨምር። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ኮምቦልቻ ስንደርስ ወደ 1,850 ሜትር እንወርዳለን፤ ከዚያ በባቲ በኩል መንገዱ ወደ አፋር በረሃ ይንደረደራል። ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ የደጋውንና የቆላውን ሰው እንደሚያገናኝ ሁሉ፣ ዳገቱም የደጋውንና የበረሃውን ዕፅዋት ያገናኛል። በበረሃ ዳር ያለ ተራራ ማለት ይህ ነው። የዱር ሽምብራው በዚህ ዳገት መኖር አለመኖሩ በአንድ የትምህርት ዓመት በሚገባ ሊመረመር የሚችል ጥያቄ ነው፤ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቃም ይመስለኛል። ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን አስቡ፤ የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዘር ለጥናት የሚወስደውንም ይመለከታል። ከሃያ ተክሎች ከአንድ በላይ አትንቀሉ፤ ሃያ ከሌሉ ፎቶግራፍና አንዲት ቅርንጫፍ ይበቃሉ።

በመስክ የሚያደናግሩት ሁለት ናቸው። ጓያም መጠምጠሚያ አለው፤ ነገር ግን በአንድ ቅጠሉ ላይ ያሉት ንዑሳን ቅጠሎች ጥቂት፣ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። የዱር አተር መሰሎቹ ቪሲያዎች እንደ ሲሰር ብዙ ንዑሳን ቅጠሎችና መጠምጠሚያ አላቸው፤ ጠርዛቸው ግን ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። ጥርሱን ያያችሁ እንደሆነ ቅጠሉን በጣታችሁ ዳስሱት። የሲሰር ወገን በሙሉ ፈሳሽ በሚያወጡ ጥቃቅን ጸጉሮች የተሸፈነ ነው፤ የሽምብራ ማሳን በጠዋት ያቋረጠ ሰው ያን የሚያጣብቅ፣ ሲቀምሱት የሚኮመጥጥ ጤዛ ያውቀዋል። ጥርስ፣ መጠምጠሚያና ኮምጣጣ ጤዛ በአንድ ተክል ላይ ከተገናኙ ከቦታው ሳትነሡ መግለጫውን ጻፉ። ስትጭኑት አንዱን ቅጠል ገልብጡ፣ መጠምጠሚያው ከሌላው ቅጠል ሥር እንዳይደበቅ ለይታችሁ ዘርጉት፤ የደረሰ ዘር ካለም በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ ከወረቀቱ ጋር አያይዙት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።